ጠንከር ያለ የእንቅልፍ ክኒን ከመፈለግዎ በፊት

ጥያቄ፦ የ47 ዓመት ሰው ነኝ። እንቅልፍ ካጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እተኛለሁ፤ ቶሎ የሚወስደኝ ቀን አለ፤ ነገር ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እነቃና ሰዓት እያየሁ ስገላበጥ ቆይቼ ንጋት ላይ ጥቂት ሸለብ ያደርገኛል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስነሳ እንዳልተኛ ሰው ደክሞኝ ነው። ባለቤቴ በጣም እንደማንኮራፋ፣ አንዳንዴም ትንፋሼ ጸጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት እንደሚመለስ ትነግረኛለች። ባለፈው ሳምንት መኪና እየነዳሁ የትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ አሸለበኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሰጠኝን ባለ 5 ሚሊ ግራም ዲያዜፓም ሦስት ወር ያህል ማታ ማታ ወስጃለሁ፤ መጀመሪያ ረድቶኝ ነበር፤ አሁን ግን አልሠራ አለኝ። ከዚህ ጠንከር ያለ መድኃኒት ይኖር ይሆን? እናቴም ማታ ማታ እግሯ ውስጥ የሚርመሰመስ ነገር እየተሰማት መተኛት ተቸግራለች፤ ያው መድኃኒት ለእሷም ይሆናት ይሆን?

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ የጠየቁኝ ነገር ሳይሆን በመሃል ጠቅሰውት ያለፉት ነው። ስለ ጠንካራ ክኒን ከመነጋገራችን በፊት ባለቤትዎ የሰሙትን የትንፋሽ መቆምና መሪ ይዘው ሳሉ ያሸለበዎትን እንቅልፍ ጎን ለጎን አስቀምጠን ማየት አለብን። ስለዚህ አስቀድሜ ሁለት ነገር ልንገርዎ፦ ተመርምረው ሕክምና እስኪጀምሩ ድረስ መኪና አይንዱ፤ አሁን ከሚወስዱት በላይ የሚያደነዝዝ ምንም ነገር አይጨምሩ። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። እንቅልፍ ማጣት ብቻ ያለበት ሰው ቀን ላይ ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበተናል፤ ይሁን እንጂ ጋደም ቢል እንኳ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ እሺ አይለውም። መብራት እስኪለቀቅ ባለው አፍታ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ግን ሌሊት ተኛሁ ያለው ሰዓትም ቢሆን እረፍት እንዳልሆነለት ያመለክታል።

«እንቅልፍ አጣሁ» የሚለው አነጋገር የበሽታ ስም አይደለም። «ራሴን አመመኝ» እንደማለት ነው፤ ከበስተጀርባው በጣም የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ለአንዱ የሚበጀው መድኃኒትም ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። እንደ እኔ ግምት በእርስዎ ላይ ሁለት ችግሮች ተደራርበዋል፤ አንደኛው በእንቅልፍ ጊዜ የሚደርስ የትንፋሽ መቋረጥ፣ በሕክምናው አጠራር ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ነው። የሁለቱ አብሮ መኖር እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ሕመምተኛው ስለሚያውቀው ስለ ሁለተኛው ብቻ ስለሚናገር ነው። የመጀመሪያውን የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው።

ስንተኛ የመላ ሰውነታችን ጡንቻ ይላላል፤ የጉሮሮም እንዲሁ። በአንዳንድ ሰዎች ላይ በውፍረት፣ በመንጋጋ አፈጣጠር፣ በቶንሲል ትልቅነት ወይም በዕድሜ ምክንያት የምላስ ሥርና ለስላሳው የላንቃ ክፍል ወደ ኋላ እየወደቁ የአየሩን መንገድ ያጠቡታል። ማንኮራፋት ማለት በጠበበው መንገድ የሚያልፈው አየር ልል የሆነውን ሥጋ ሲያርገበግበው የሚወጣ ድምፅ ነው። መንገዱ ጨርሶ ሲዘጋ ድምፁ ይጠፋል፤ ባለቤትዎ «ጸጥ ይላል» ያሉት ይህን ይመስለኛል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ደረትና ሆድ ለመተንፈስ ይታገላሉ፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ በመጨረሻም አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች ይነቃና የጉሮሮውን ጡንቻ ወጥሮ መንገዱን ይከፍታል። የተኛው ሰው ይህን መንቃት ጠዋት አያስታውሰውም። በምርመራ ጊዜ ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ መቋረጥ ወይም ጉልህ የትንፋሽ መቀነስ እንደ አንድ ክስተት ይቆጠራል፤ በሰዓት ከ5 እስከ 14 ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 ከሆነ መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። ሠላሳ ማለት ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ ትንፋሽ ማጣት ማለት ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መንቃትዎም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል። እንቅልፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ ገደማ በሚፈጁ ዙሮች ይመላለሳል። ሕልም የሚበዛበትና ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚወረወርበት ክፍል በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ እየረዘመ ይሄዳል። በዚህ ክፍል ጡንቻዎች ከምንጊዜውም በላይ ስለሚላሉ የትንፋሹ መቋረጥ የሚብሰው ያኔ ነው። ስለዚህ «በጭንቀት ነቃሁ» የሚል ሰው አንዳንዴ የነቃው በትንፋሽ እጥረት ሆኖ፣ ጭንቀቱ የመጣው ከነቃ በኋላ ሊሆን ይችላል። ጠዋት የራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሳት፣ በመድኃኒት አልወርድ ያለ የደም ግፊት ካለብዎ ጥርጣሬዬ ይጠናከራል። ሴቶች ላይ ደግሞ ማንኮራፋቱ ሳይጎላ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ብቻ ሊታዩ ስለሚችሉ ችግሩ ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ይቆያል። ያልታከመ ስሊፕ አፕኒያ ከደም ግፊት፣ ከልብ ምት መዛባትና ከስትሮክ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የባልና ሚስት መቀለጃ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ዲያዜፓም በዚህ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አሁን ግልጽ ይሆንልዎታል። መድኃኒቱ ጡንቻን ያላላል፤ ትንፋሽ ሲታጠር የሚያድንዎትን ያን አጭር መንቃትም ሊያዘገየው ይችላል። አልኮልም በተመሳሳይ መንገድ ጉዳት ያደርሳል፤ ቶሎ ያስተኛና የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጥሰዋል። በዚያ ላይ ዲያዜፓም ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ጉበት ሲፈጨው የሚፈጠረው ሌላ ንጥረ ነገርም እንደዚሁ የማደንዘዝ ኃይል ስላለው፣ ማታ ማታ ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ቀኑን ጭምር ያደነዝዛል። መሪ ላይ ያሸለበዎት በከፊል በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። በእንቅልፍ ክፍል አድረው የአንጎል ሞገድ፣ የዓይንና የእግር እንቅስቃሴ፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ፍሰትና ኦክስጅን በአንድ ላይ የሚመዘገብበት አለ፤ ቤት ተወስዶ ትንፋሽንና ኦክስጅንን ብቻ የሚለካ አነስተኛ መሣሪያም አለ። እንደ እርስዎ ምልክቶቹ ግልጽ ለሆኑና ሌላ ከባድ የልብ ወይም የሳንባ በሽታ ለሌለበት ሰው ሁለተኛው ይበቃ ይሆናል፤ ውጤቱ «ምንም የለም» ቢል ግን የአንጎል ሞገድን ስለማይለካ ችግሩን ሊያሳንሰው እንደሚችል አውቀው ሙሉውን ምርመራ ይጠይቁ።

ስሊፕ አፕኒያ ከተረጋገጠ ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። በአፍንጫ ወይም በአፍና አፍንጫ ላይ በሚደረግ ጭምብል በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት እየላከ የጉሮሮን መንገድ ከውስጥ ደግፎ ያቆየዋል። ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሲድኒ ውስጥ በ1981 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረጉት ጀምሮ ይህን ያህል አስተማማኝ የሆነ ሌላ መንገድ አልተገኘም። ችግሩ መልመዱ ላይ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አፍንጫዬ ደረቀ፣ አየር ያፈሳል፣ ታፈንኩ እያለ ይተወዋል፤ አብዛኛው ቅሬታ ግን ጭምብሉን በመቀየር፣ የአየሩን እርጥበት በመጨመርና ቀን ላይ ቁጭ ብሎ በመለማመድ የሚቃለል ነው። በሌሊት ቢያንስ አራት ሰዓት መጠቀም እንደ ዝቅተኛ መለኪያ ይወሰዳል፤ እኔ ግን ለሕመምተኞቼ የምነግረው አራት ሰዓት መነሻ እንጂ መድረሻ አለመሆኑን ነው፤ ምክንያቱም ጭምብሉ ከአራት ሰዓት አጠቃቀም በኋላ ከወለቀ ሳይታከም የሚቀረው ያው የባሰው የንጋት ክፍል ነው። ሲፓፕ ያልተስማማው ሰው፣ በተለይ ችግሩ ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ፣ በጥርስ ሐኪም ተለክቶ የሚሠራና የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚያወጣ የአፍ መሣሪያ ሊረዳው ይችላል። በጀርባ ሲተኙ ብቻ የሚብስባቸው በጎን መተኛት ይጠቅማቸዋል። ውፍረት ካለ ክብደት መቀነስ ሕመሙን በጉልህ ያሻሽለዋል፤ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቲርዜፓታይድ የተባለውን መርፌ ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለባቸውና መካከለኛ ወይም ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ለያዛቸው አዋቂዎች መፍቀዱም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ችግር እንምጣ። ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ሁኔታ እያለ እንቅልፍ አልወስድ ማለት፣ መቆራረጥ ወይም ያለጊዜው መንቃት በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ከቀጠለና የቀን ኑሮን ካወከ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይባላል። የጀመረበት ምክንያት ሐዘን፣ የሥራ ጭንቀት ወይም ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ለስምንት ወር ያቆየው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው እንቅልፉን ለመመለስ ሲል የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው። የእርስዎን ሌሊት እንቁጠረው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አሥር ሰዓት አልጋ ላይ ነዎት። ከነገሩኝ ተነስቼ ስገምት የሚተኙት ስድስት ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረውን አራት ሰዓት አልጋው የሚያስተምርዎት ነቅቶ መገላበጥን ነው።

እንቅልፍ የሚመጣው በሁለት ኃይሎች መገናኘት ነው። አንደኛው ነቅተን በቆየን መጠን እየተጠራቀመ የሚሄድ የእንቅልፍ ጫና ሲሆን፣ አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ መብዛት አንዱ መሠረቱ ነው፤ ካፌይን የሚያነቃን የዚህን ንጥረ ነገር መቀበያ ስለሚዘጋ ነው፤ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅም የከሰዓት በኋላው ስኒ ማታ ድረስ ይከተለናል። ሁለተኛው በብርሃን የሚስተካከለው የአንጎል የውስጥ ሰዓት ነው። ያልተኛንበትን ሌሊት ለማካካስ ቀደም ብለን ስንተኛ፣ ጠዋት ስናረፍድ፣ ቀን ስናሸልብ የመጀመሪያውን ጫና በትነን ሁለተኛውን እናደናግረዋለን። እንቅልፍን ባሳደዱት ቁጥር ይርቃል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለሥር ሰደድ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያው ሕክምና ክኒን አይደለም። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለሁሉም አዋቂዎች ቀዳሚው ሕክምና እንዲሆን ያሳሰበው በአስተሳሰብና በልማድ ላይ የሚሠራውን የእንቅልፍ ሕክምና ነው፤ የአውሮፓ መመሪያዎችም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት በሚደርሱ ቀጠሮዎች የሚሰጥ ሲሆን፣ ጥቅሙ ሕክምናው ካበቃ በኋላም የሚቆይ መሆኑ ከመድኃኒት ይለየዋል። «ክፍሉን አጨልሙ፣ ስልክ አትንኩ» የሚለው የተለመደ ምክር ብቻውን ይህ ሕክምና አይደለም። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ለስምንት ወር የቆየን ችግር በእሱ ብቻ የፈታ ሰው ግን እምብዛም አላየሁም።

የሕክምናው አከርካሪ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አልጋን ለእንቅልፍ መመለስ ነው፤ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አለመውጣት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ነቅተው እንደቆዩ ሲሰማዎት (ሰዓት አይተው ሳይሆን በግምት) ተነስተው በደብዛዛ ብርሃን ሥር ጸጥ ያለ ነገር መሥራት፣ እንቅልፍ ሲጫን ብቻ መመለስ፣ የሌሊቱ ነገር ምንም ይሁን ምን ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት። ሰዓቱን ከግድግዳው ያውርዱት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑን ማወቅ ማንንም አስተኝቶ አያውቅም። ሁለተኛው አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ በእውነት ከሚተኙት ጋር ማመጣጠን ነው። ለሁለት ሳምንት በተያዘ የእንቅልፍ ማስታወሻ አማካዩ ስድስት ሰዓት ከሆነ፣ የመነሻ ሰዓት ከንጋቱ 12 ይሆንና አልጋ የሚገባው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ አልጋ ላይ ካለው ጊዜ 85 በመቶ ያህሉ እንቅልፍ ሲሆን በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨመራል። ከአምስት ሰዓት በታች አይወረድም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ቀን ላይ እንቅልፍ ይበዛል።

እርስዎ ይህን ሁለተኛውን ክፍል ብቻዎን ዛሬ እንዲጀምሩ የማልመክርዎትም ለዚህ ነው። መሪ ላይ ለሚያሸልበው ሰው እንቅልፍ የሚቀንስ ሕክምና የሚሰጠው የትንፋሹ ጉዳይ ከታየ በኋላ፣ በባለሙያ ክትትልና ለዘብ ባለ መልኩ ነው፤ የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበት ሰውም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አሁን ማድረግ የሚችሉት ግን አለ፤ የመነሻ ሰዓትዎን ያጽኑ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መተኛትዎን ትተው እንቅልፍ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ጠዋት ወደ ብርሃን ይውጡ፤ ማስታወሻውንም ዛሬ ማታ ይጀምሩ።

መድኃኒቶችን በተመለከተ፣ «ጠንከር ያለ» ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ የለም ሳይሆን አይጠቅምዎትም ነው። ዲያዜፓም አልሠራ ያለዎት ሰውነትዎ ስለለመደው ነው፤ የሚበልጠውንም በተራው ይለምደዋል። ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ ክኒንና ዘመዶቹ ለጥቂት ሳምንታት ሊረዱ ይችላሉ፤ ነገር ግን ተኝቶ ሳለ መራመድን፣ ምግብ መሥራትንና መኪና መንዳትን ጨምሮ አደገኛ ክስተቶች ስላስከተሉ በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ምልክት አስደርጎባቸዋል። ሲመሽ አንጎል የሚያመነጨው ሆርሞን ሜላቶኒን የውስጥ ሰዓቱ ለተዛባበት፣ ለምሳሌ ሌሊት 9 ሰዓት ካልሆነ እንቅልፍ ለማይመጣለትና እስከ ረፋድ ቢተኛ ግን ደህና ለሚሆን ወጣት፣ በትንሽ መጠንና በትክክለኛው ሰዓት ሲሰጥ ይጠቅማል፤ ለእርስዎ ዓይነት ችግር የሚጨምረው ጥቂት ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡትና ኦሬክሲን የተባለውን የማንቂያ መልእክተኛ የሚገቱት አዳዲስ መድኃኒቶች ልማድ የማስያዝ ባሕርያቸው ያነሰ ቢሆንም ከምርመራ በፊት ቦታ የላቸውም።

ዲያዜፓሙን ግን በአንድ ጊዜ እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ። በየቀኑ ለሦስት ወር የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም እንቅልፍ ማጣቱ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ፣ ብርቱ ጭንቀትና መንቀጥቀጥ ሊመጣ፣ አልፎ አልፎም ሰውነትን የሚጥል መንዘፍዘፍ ሊከተል ይችላል። መጠኑን በሐኪም ክትትል በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል እየቀነሱ መሄድ የተለመደ መነሻ ነው፤ እንደ ሁኔታዎ ሐኪሙ ሊያፈጥነው ወይም ሊያዘገየው ይችላል። የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ ቢበላሽ «ያለ ክኒኑ መተኛት አልችልም» ብለው አይደምድሙ፤ ያ የመድኃኒቱ መውጣት የሚያመጣው ጊዜያዊ ነገር ነው።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ባለቤትዎ አብረዎት ቢሄዱ ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል፤ የማንኮራፋትዎን ድምፅም በስልክ ቀድተው ያምጡ። አንድ ተጨማሪ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሕልም እያዩ ይጮኻሉ ወይም እጅዎን ይሰነዝራሉ? በሕልም ጊዜ ጡንቻ መላላት ሲገባው ሳይላላ ቀርቶ ሰው ሕልሙን በአካል የሚተውንበት ሕመም አለ፤ በአዋቂዎች ላይ ሲታይ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ የፓርኪንሰን በሽታ ቅድመ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ሐኪም እንዲያየው ይደረጋል። ሰውነት ሳይታዘዝ አእምሮ ነቅቶ ደረት የተጫነ የሚመስልበት ዱካክ ግን የዚሁ ተቃራኒ ነው፤ አልፎ አልፎ ሲከሰት ጉዳት የለውም፤ ብዙ ጊዜም እንቅልፍ ሲጎድል ይበዛል። ዱካኩ ከከባድ የቀን እንቅልፍ ጋር ከመጣ፣ በተለይም ሰው ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ከሆነ፣ የኦሬክሲን ማነስ የሚያመጣው ናርኮሌፕሲ ይጠረጠራል።

የእናትዎ ነገር ከእርስዎ ፈጽሞ የተለየ ነው። የገለጹት የእግር መርመስመስ አራት ነገር ካሟላ፣ ማለትም እግርን የማንቀሳቀስ ግፊት ካለው፣ ሲያርፉ ከባሰ፣ ሲራመዱ ወይም ሲያሹት ከቀለለ፣ ማታ ከበረታ፣ እረፍት የለሽ እግር የሚባለው ሕመም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1672 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ ስዊድናዊው የነርቭ ሐኪም ካርል አክሰል ኤክቦም በ1945 እ.ኤ.አ. ዛሬ የሚታወቅበትን ስም የሰጠው የቆየ በሽታ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው የብረት ክምችትን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ነው፤ ደም ማነስ ባይኖርባቸውም ፌሪቲናቸው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ75 ናኖ ግራም ያልበለጠ ከሆነ በሐኪም ትእዛዝ ብረት መውሰዱ ብዙ ጊዜ ያሻሽለዋል። የኩላሊታቸውም ሁኔታ ይታይ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ እንቅልፍ የሚያመጡት የድሮ የአለርጂ ክኒኖች፣ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ያባብሱታልና። ከዚያ በኋላም ካልተሻላቸው ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን በትንሽ መጠን ይሞከራሉ። ቀድሞ በብዛት ይሰጡ የነበሩት፣ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ሥራ የሚተኩ መድኃኒቶች ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ሕመሙን ቀን ጭምር እንዲመጣና ወደ ክንድ እንዲዛመት ስለሚያደርጉ አሁን እንደ መጀመሪያ ምርጫ አይወሰዱም። ከእርስዎ ዲያዜፓም ግን አንድም ፍሬ አይስጧቸው፤ ሌሊት እግራቸውን ለማፍታታት በሚነሱ አዛውንት ላይ የሚያተርፈው መውደቅና ስብራት ነው።